መውጫ የሌለው ሐይቅ፦ ከኮምቦልቻ እስከ ባቲ

ሐሙስ፣ ኮምቦልቻ

ከአዲስ አበባ ኮምቦልቻ በአውሮፕላን መጥቶ «መንገድ ደክሞኛል» ማለት አይቻልም። የታደለው ውሃ ተጠጥቶ ሳያልቅ «ቀበቶ እሰሩ» ይባላል። በመኪና ቢሆን ደብረ ሲና ላይ ቆሎ፣ ሸዋ ሮቢት ላይ ሙቀት፣ ከሚሴ ላይ ምሳ ይኖር ነበር። ዘንድሮ ግን «መንገዱ እንዴት ነው?» ብሎ ሳይደውል የሚነሳ የለም። እኔም ደወልኩ። የተነገረኝን ሰማሁና ቲኬት ቆረጥኩ።

የተቀበለኝ የአክስቴ ልጅ ነው። ዛንዚባር ውስጥ ፓጄ በምትባል የባሕር ዳርቻ መንደር፣ ሆቴል ወጥ ቤት ውስጥ ዓመታት ሠርቶ ተመልሷል። አሁን ከደሴ ወዲያ፣ ስሙም ሐይቅ በሚባለው ውሃ ዳር ሎጅ መክፈት አምሮታል። «አንቺ ብዙ አገር አይተሻል፤ መጥተሽ እይልኝ» ብሎ ነው የጠራኝ። እኔ የማውቀው መብላትና መጠየቅ ነው።

ኮምቦልቻ «የቱሪስት ከተማ ነኝ» ብላ አታውቅም። ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ አላት፣ ቢራ ፋብሪካ አላት፣ በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀ ኢንዱስትሪ ፓርክ አላት። እንደዚያም ሆኖ ሆቴሉ ብዙ ነው። ማን ይሞላዋል? አበል። ያረፍኩበት ሆቴል አዳራሽ ውስጥ ሥልጠና ነበር፤ በሻይ ሰዓት ኮሪደሩ በአንገት ባጅ ተጥለቀለቀ። እውነቱን እንነጋገር ከተባለ፣ ባለፉት ዓመታት የአገራችንን ሆቴሎች ያቆየው ፈረንጅ ሳይሆን የሥልጠና ተሳታፊ ነው። እሱ ደግሞ ፎቶ አያነሳም፣ ሐይቅ አያይም። ደረሰኝ ብቻ ነው የሚፈልገው።

ዓርብ፣ ደሴ

ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ወደ 600 ሜትር የሚጠጋ ሽቅብ ነው። ሐረጎን ስንወጣ ጆሮዬ ተደፈነ። ደሴ ስንገባ ጦሳ ጉም ለብሶ ነበር። ጃኬት ያላመጣ እንግዳ ደሴ ላይ ከሩቅ ይታወቃል፤ እኔም ታወቅኩ።

አይጠየፍን አየነው። ንጉሥ ሚካኤል ድሃና ሀብታሙን ግብር ያበሉበት አዳራሽ ነው። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። ስለዚህ «ደሴ ምን ይታያል?» ለሚለኝ ሰው ዝርዝር ከማውጣት ይልቅ ፒያሳ ወርዶ ሙሽብክ ይብላ እላለሁ። ትኩሱን ከምጣዱ እንደወጣ፣ ማሩ ጣት ላይ ሳይደርቅ። ለነገሩ ደሴ ድሮም ለቱሪስት ማደሪያ እንጂ መድረሻ አልነበረችም። ወደ ላሊበላ በመኪና የሚሄደው ያድርባታል፣ ጠዋት በወልድያ አቅጣጫ ውልቅ ይላል። አሁን እሱም ጠፍቷል።

ከሰዓት አንድ ሆቴል ገብተን ቡና አዘዝን። ሎቢው ጥግ ላይ ረከቦት ተዘርግቷል። ጎንበስ ብዬ ቄጠማውን ነካሁት፤ ፕላስቲክ ነው። ዕጣኑ የሚጨሰው ሰው ካሜራ ሲያወጣ ነው። ልጅቷ ጥልፍ ቀሚስ ለብሳለች፤ ደረቷ ላይ የስም ባጅ አለ። አንድ ስኒ ሰጠችንና ሄደች። ሁለተኛ ስንጠይቅ «ይመዘገባል» አለችን። ቶና ከነሒሳቡ መሆኑ ነው።

እኔ ማጉረምረም ጀመርኩ። ወሎ ውስጥ እኮ ቡና ሲፈላ ምርቃት አለ፣ ዱዓ አለ። እስላሙም ክርስቲያኑም አንድ ላይ «አሚን» ይላል። በረካ ሳይጠጣ የሚነሳ ሰው ይታዘኑበታል። ይሄ ምኑ ነው የወሎ ቡና?

የአክስቴ ልጅ ግን አልተስማማም። «አብሽሪ» አለኝ። «እናቷ ዕድሜዋን ሙሉ በነጻ ስታፈላ ኖራለች። ልጅቷ ደመወዝ ታገኛለች። አንቺን የከፋሽ ቡናው ነው ወይስ ሒሳቡ?»

ቶሎ መልስ አላገኘሁለትም። አሁንም ግማሹን ነው የያዝኩት። ልጅቷ መከፈሏ መልካም ነው። የማይዋጥልኝ ቄጠማው ነው። እውነተኛው ቄጠማ ገበያ ወጥቶ ከሚሸጡ ሴቶች ይገዛ ነበር። ፕላስቲኩ አንዴ ከመርካቶ ተገዝቶ አለቀ። ቄጠማ ሻጯ ከሒሳቡ የወጣችው ማንም ልጎዳት ሳይል ነው።

ማታ ሆጤ አክስቴ ቤት ነበርን። ሦስቱንም ጠጣን፣ ተመረቅን። ልጇ ስለ ሎጁ ሲያወራ ዝም ብላ ሰማችው። ልጅነቷን ሐይቅ አካባቢ ነው ያሳለፈችው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ አለችው።

«ሽንት ቤቱን የት ነው የምትቆፍረው?»

«እማዬ፣ ገና እኮ ነው።»

«ገና ከሆነ እሱን አስቀድም። ያ ሐይቅ የገባበትን አይመልስም።»

ቅዳሜ፣ ሐይቅ

ከደሴ ወደ ሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ሚኒባሱ ከሠርገኛ መኪኖች ጋር እየተጋፋ ወጣ። ጥር ነዋ! ሐይቁ ሲታይ አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ «ማሻአላህ» አሉ። በየሳምንቱ እንደሚያዩት ከረዳቱ ጋር ካወሩት ሰምቻለሁ። እንግዲህ የለመደ ሰው እንዲህ ካለ እኔ ምን ልበል።

መዝናኛው በር ላይ የመግቢያ ከፈልን። ካሜራ ካለ ሌላ ነው። ጠረጴዛ ጥላ ሥር ከሆነ ሌላ ነው። ሐይቁን ለማየት ሦስት ደረሰኝ ይዤ ገባሁ።

ውስጡ ደግሞ ሌላ ትያትር ነው። አንድ የእንጨት መረማመጃ ውሃው ላይ ተዘርግቷል፤ ሦስት ሙሽሮች ከነሚዜዎቻቸው ተሰልፈው ይጠብቃሉ። ሁለተኛዋ ሙሽሪት ቬሎዋን ሰብስባ ፌስታል ላይ ተቀምጣ ድንች ትበላለች። ፎቶ አንሺው ድሮን አስነስቶ ይጮኻል። «ሙሽሪት! ሐይቁን እዪ! ሐይቁን አልኩሽ እኮ፣ ድሮኑን አይደለም!» ሙሽራው ላብ በላብ ሆኗል። ከበስተጀርባ ቢራ ያለበት ጠረጴዛ፣ ሞንታርቦ፣ የሚያለቅስ ሕፃን። ፎቶው ላይ ግን ሁለት ሰውና ሰማያዊ ውሃ ብቻ ነው የሚወጣው። ሌላ ሰው ያንን ፎቶ ስልኩ ላይ ያይና በሚቀጥለው ቅዳሜ ይመጣል።

ሐይቅን እየለወጠ ያለው ማን ነው ለሚል፣ ፈረንጅ አይደለም። እኛ ነን። ሠርገኛ፣ ተማሪ፣ ከኮምቦልቻ ለእረፍት የመጣ ሠራተኛ፣ እኔም። መዝናናታችን ደግሞ ደስ ይላል። ጦርነት አይቶ የወጣ ከተማ ሐይቅ ዳር ቢጨፍር ማን ይፈርዳል?

ዓሣ በላን። ሙሉውን የተጠበሰ፣ በሎሚና በአዋዜ። አስተናጋጁ «የሐይቃችን ዓሣ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ!» አለን በኩራት። ቴላፒያ ነው። ይህ ዓሣ ሐይቁ ውስጥ የተለቀቀው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ከአስተናጋጁ ቢበልጥም ከአባቱ ያንስ ይሆናል። አፌ ሞልቶ ስለነበር አላረምኩትም።

ከአጥሩ ውጭ ድንች ቅቅልና ቆሎ የሚሸጡ እናት አሉ። የሙሽሪቷ ድንች ከሳቸው ነው የተገዛው፤ በአጥሩ ቀዳዳ አሾልከው። አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ።

«እማማ፣ ለምን ውስጥ አይሸጡም?»

«አጥር መጣ ልጄ። ድሮ ከውሃው አፍ ነበር የምቀመጠው።»

«ታዲያ አልከፋዎትም?»

«ምን ይከፋኛል፣ ሰዉ በዝቷል፣ እሸጣለሁ። የከፋኝስ ውሃ ልቀዳ ስል ነው። ዙሪያ ጥምጥም ሆነ። ላሞቹም በዚያ በጉብታው ዞረው ነው የሚጠጡ።»

ድንቹን በጨውና በሚጥሚጣ ጠቅልለው ሰጡኝ። አንዱን መርቀውልኛል። ውስጥ ካለው የዓሣ ሒሳብ በኋላ ምርቃት የሚባል ነገር መኖሩን ረስቼው ነበር።

ከዚያ ወደ እስጢፋኖስ ገዳም ሄድን። ድሮ ደሴት ነበር፤ አሁን በደረቅ መሬት ይገባል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ መጥተው ትልቅ የትምህርትና የመጻሕፍት ቦታ ያደረጉት ነው። የሳቸው ወንጌል የሚባለው ብራና እስካሁን እዚያው አለ። ሴት አይገባም። የአክስቴ ልጅ ገባ፣ እኔ ውጭ ዛፍ ሥር ቀረሁ።

እዚያ ተቀምጬ ሳለ አንድ የሠርግ አጀብ ደረሰ። ሚዜዎቹ ሙሽሪትን በሩ ድረስ ብቻ አስገብተው ፎቶ ማስነሳት ፈለጉ። በር ላይ ያሉት አባት እምቢ አሉ። «አባታችን፣ ለገዳሙ አስተዋጽኦ እናደርጋለን» አለ አንዱ፣ እጁን ወደ ኪሱ እየሰደደ። «አድርጉ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እሷ ግን አትገባም» አሉት። ተመለሱ።

እኔም የተከለከልኩ ሰው ነኝ፤ ሕጉ ደስ አይለኝም። ግን በዚያ ቀን በሐይቁ ዙሪያ ካየሁት ሁሉ፣ ገንዘብ ወጥቶበት ያልተከፈተ በር እሱ ብቻ ነው።

ማታ የአክስቴ ልጅ ስለ ፓጄ አወራኝ። «ሴቶቹ ባሕሩ ሲሸሽ እየገቡ እንጨት ተክለው፣ ገመድ ወጥረው፣ የባሕር ሣር ያለማሉ። ምዋኒ ይሉታል። ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል።» በዛንዚባር ምሥራቃዊ ዳርቻ ይህ እርሻ ከ1980ዎቹ መጨረሻ እ.ኤ.አ. ጀምሮ የብዙ ሴቶች መተዳደሪያ ሆኗል። በኋላ ነፋሱ ለካይት ሰርፍ፣ ማለትም ነፋስ በሚጎትተው ጨርቅ በሰሌዳ ውሃ ላይ ለመንሸራተት ይመቻል ተባለና ቱሪስቱ ጎረፈ። «ቱሪስቱ ገመዱ እግሬን ቆረጠኝ ይላል። ሴትዮዋ ሰሌዳው እርሻዬን አበላሸው ትላለች። የሆቴሉ አስተዳዳሪ ማንን የሚሰማ ይመስልሻል?» የባሕሩ መሞቅም ሣሩን ጎድቶታል፤ ሁሉ በቱሪስት አይመካኝም።

«አንተስ ማንን ሰማህ?» አልኩት።

«እኔ ዓሣ ገዢ ነበርኩ። ሲነጋጋ ባሕሩ ዳር እቆማለሁ፣ ጥሩ ጥሩውን ለሆቴል አነሳለሁ። የተረፈው ለመንደሩ ነው። መጀመሪያ ከኔ ኋላ የሚቆሙት እናቶች ሰላም ይሉኝ ነበር። በኋላ ተዉት።»

እሑድ፣ ሐይቅ

ጠዋት ወደ ቦታው ሄድን። ሽርክና ሊገቡለት የተስማሙት ገበሬ ሽንኩርታቸውን በፓምፕ ውሃ ያጠጣሉ። መሬቱ ወደ ሐይቁ ያዘቀዝቃል፤ እይታው ልብ ይሰርቃል። የአክስቴ ልጅ ፕላኑን ድንጋይ ላይ ዘረጋው። አሥራ ሁለት የሣር ክዳን ጎጆ፣ ምግብ ቤት፣ የመኪና ማቆሚያ፣ እና መዋኛ ገንዳ።

«ሐይቅ ዳር ገንዳ ለምን?»

«ሐይቁ ውስጥ መዋኘት ሰው ይፈራል። ገንዳ ከሌለ ደግሞ ዋጋ አይከፍልም።»

«የገንዳው ውሃ ሲቀየር የት ይሄዳል?»

ወደ ታች አየ። ገበሬውም ወደ ታች አዩ። ታች ያለው ሐይቅ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ። ሐይቅ ወደ 23 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚሰፋ ውሃ ነው፣ ጥልቁ ቦታ 80 ሜትር ያልፋል። ከጎረቤቱ ከአርዲቦ ሐይቅ በኩል ወንዝ ይገባበታል። የሚወጣ ወንዝ ግን የለውም። ውሃው በፀሐይ ይተናል፤ አብሮት የገባው እድፍ፣ ሳሙናና ማዳበሪያ ግን አይተንም። አክስቴ ይህንን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሳዋለች።

ፊሊፒንስ ውስጥ ቦራካይ የምትባል ትንሽ ደሴት አለች። ነጭ አሸዋዋ ስሟን አስጠራ፣ ሆቴል በሆቴል ላይ ተሠራባት። ያልተጣራ ፍሳሽ ባሕር ሲለቀቅ ኖሮ በ2018 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ዱቴርቴ የፍሳሽ ጉድጓድ ሆናለች ብለው ለስድስት ወር ለቱሪስት ዘጓት። በዚያው ዓመት ታይላንድ ማያ ቤይ የምትባለውን የባሕር ወሽመጥ ዘጋች። በቀን እስከ 5,000 ሰው ይገባባት ነበር፤ የጀልባ መልሕቅ የባሕሩን ኮራል ፈጭቶታል። በ2022 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ስትከፈት ጀልባ በፊት ለፊት መግባት፣ ሰውም መዋኘት ተከለከለ። ተዘግታ ሳለ ሻርኮች ተመልሰው መጥተዋል። ለአክስቴ ልጅ ሁለቱንም ነገርኩት። ደስ አላለውም፣ ግን ሰማኝ።

«እነሱ ባሕር አላቸው» አልኩት። «ባሕር የሰጠኸውን ወስዶ ይበትነዋል። ይሄኛው ዋንጫ ነው። ያፈሰስክበትን መልሰህ የምትጠጣው አንተው ነህ።»

«እሺ፣ ስንት ሜትር ልራቅ?»

«መራቅ ብቻ አይበቃም። ተዳፋት ነው፤ በሲሚንቶ ያልተደፈነ ጉድጓድ ሰርጎ ይወርዳል። ሞልቶ በቦቴ የሚመጠጥ አድርገህ ሥራው።»

«ቦቴ እዚህ ድረስ? ዋጋውን ታውቂያለሽ?»

አላውቅም። ይህን ሲሰማ ትንሽ ደስ አለው።

ሪቻርድ በትለር የሚባል የጂኦግራፊ ሰው በ1980 እ.ኤ.አ. የመዝናኛ ቦታዎችን ዕድሜ በየደረጃው ከፋፍሎ ጽፏል። መጀመሪያ ጥቂት መንገደኛ ይመጣል። ቀጥሎ የአካባቢው ሰው አልጋ ያከራያል፣ ምግብ ይሸጣል። ከዚያ የውጭ ገንዘብ ይገባል፣ ቦታው ይደምቃል፣ ይሞላል፣ ይሰለቻል። ሐይቅን ሳየው ሁለተኛውን ደረጃ የዘለልነው መሰለኝ። ድንች የሚሸጡት እናት አልጋ አከራይ ሳይሆኑ አጥር መጣባቸው። ገበሬውም በሽርክናው የሚያገኙት የጥበቃ ሥራና የመሬት ድርሻ ነው። «ልጅዎ ምግብ ቤቱን ቢይዝስ?» ስል «የኔ ልጅ? ማን ያሠራዋል?» ብለው ሳቁ። የአክስቴ ልጅ አልሳቀም። ፓጄ ውስጥ ሽንኩርት በመላጥ እንደጀመረ ነግሮኛል።

ሰኞ፣ ባቲ

ለባቲ ሲባል በጠዋት መነሳት ግድ ነው። ገበያው ሰኞ ሰኞ ነው፣ ፀሐይ ከበረታ ደግሞ ሰውም ግመልም ይነጫነጫል። ከኮምቦልቻ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ወርደን ጃኬቴን አወለቅኩ። አቧራው፣ የግመሉ ሽታ፣ በአፋርኛ፣ በኦሮምኛና በአማርኛ የሚደረገው ክርክር፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ነው የሚቀበለን።

የግመል ሻጭና ገዢ እጅ ለእጅ ተያይዘው ጋቢ ሥር ይነጋገራሉ፤ ዋጋው በጣት ነው። ካሜራ ሳወጣ አንድ የአፋር ሽማግሌ በእጃቸው ከለከሉኝ። አጠገባቸው ያለው ወጣት ተረጎመልኝ፦ «ግመል ልትገዢ ነው? ካልሆነ መንገድ ልቀቂ ነው የሚሉሽ።» ለቀቅኩ።

ባቲም በቱሪስት መጽሐፍ ላይ ስሟ አለ። ድሮ በሰኞ ሰኞ የውጭ አገር ሰው በላንድክሩዘር እየመጣ ፎቶ ያነሳት ነበር። መጣም ቀረም ግመሉ ይሸጣል። ገበያው ለራሱ ሰው የቆመ ስለሆነ ለፎቶ ብሎ የሚለውጠው ነገር የለውም። ይህን ለአክስቴ ልጅ ስነግረው «እኔ ግመል አልሸጥም እኮ» አለኝ። ትክክል ነው። ሎጅ ያለ እንግዳ አይኖርም።

ስንመለስ መንገድ ላይ ስልኩ ጠራ። ገበሬው ናቸው። ድምጽ ማጉያው ላይ አደረገው።

«ሌላ ሰው መጥቷል፣ ከአዲስ አበባ። ካንተ ይበልጣል የሚሰጠኝ።»

«ስለ ጉድጓዱ ጠየቀዎት ጋሼ?»

«ኧረ እሱስ የለም። አጥሩን በስንት ቀን ታጥሩልኛላችሁ ነው ያለኝ።»

የአክስቴ ልጅ እኔን አየኝ። እኔ በመስኮት አየሁ።

«እስከ ረቡዕ ይጠብቁኝ። ጨምሬም ቢሆን እመጣለሁ» ብሎ ዘጋው።

ኮምቦልቻ እስክንገባ በስልኩ ሲደምርና ሲቀንስ ነበር። ሁለት ጎጆ ከቀነሰ የጉድጓዱና የቦቴው ገንዘብ ይወጣል። ሦስት ከቀነሰ የከብቶቹ መንገድ ክፍት ይቀራል። የገበሬውን ልጅ ወጥ ቤት እንደሚያስገባው ራሱ ነው የተናገረው፣ እኔ አላነሳሁበትም። ገንዳውን ግን እስካሁን አልቀነሰም።